ያልተጠራ ወንፈል

በዚያ ዓመት በረዶው የወረደው መስከረም ሊያልቅ ሲል ነው። ገብሱ እሸት ይዞ ነበር። ከሰዓት በኋላ ጀመረ፤ ሰው ከማሳው ቤቱ ሳይደርስ አበቃ። ሲያባራ አስታ ሜዳ ከዳር እስከ ዳር ነጭ ነበረች። በማግሥቱ በረዶው ቀልጦ ገብሱ ከጭቃው ጋር ተለውሶ ታየ። ባቄላው አበባው ረግፎ አገዳው ብቻ ቆሞ ቀረ።

ማንም ኡኡ አላለም። ሰው ማሳውን አንድ ጊዜ ዞሮ አይቶ ወደ ቤቱ ተመለሰ። በጥቅምት በጉ ሁሉ ወደ ንፋስ መውጫ ገበያ ተነዳ፤ ሁሉም ስለነዳ ገዥ ጠፋ። በኅዳር ወንዶቹ ለቀን ሥራ ወደ ቆላ ወረዱ። ምሳ የሚባል ነገር ከየቤቱ ቀረ። ልጆቹ ግን ትምህርት ቤት መምጣት አልተዉም። ይመጣሉ፤ ዴስኩ ላይ ተደፍተው ይተኛሉ።

የአስታ ሜዳ ትምህርት ቤት ክፍሎቹ ጥቂት ስለሆኑ በሁለት ፈረቃ ያስተምራል። ዮርዳኖስ ወደዚያ የተመደበችው በበረዶው ዓመት ነው። የንፋስ መውጫ ልጅ ናት። አባቷ በልጅነቷ ስለሞተ እናቷ በርበሬና ጨው ቸርችረው አሳደጓት። የከሰዓቱን ሦስተኛ ክፍል ሰጧት። በጠዋቱ ፈረቃ በዚያው ክፍል አራተኛን የሚያስተምረው ምንይችል የሚባል የእስቴ ገበሬ ልጅ ነበር።

ሁለቱ የሚገናኙት በሩ ላይ ነው። እሱ ሲወጣ እሷ ትገባለች።

«እንደምን ዋልሽ» ይላታል።

«እንደምን ዋልህ» ትለዋለች።

በቃ። ይሁን እንጂ ዮርዳኖስ አንድ ነገር አስተውላለች። ጠመኔ በሚጠፋበት በዚያ ትምህርት ቤት፣ ምንይችል ሰሌዳውን ጠርጎ ሲወጣ ከጠረጴዛው ጫፍ ላይ አንዲት ቁራጭ ጠመኔ ሳያስቀምጥ ሄዶ አያውቅም።

ክፍሏ አስቸገራት። ልጆቹ አይረብሹም፤ አይመልሱም። ኮሌጅ ሳለች ተማሪን አንድ በአንድ አስነሥቶ መጠየቅ ጥሩ ነው ብለው አስተምረዋታል። አስነሥታ ስትጠይቅ ልጁ መሬት መሬት ያያል። ያላወቁ መሰላት። ቀለል ያለ ጥያቄ አመጣች፤ እንደዚያው ሆነ።

ከሁሉ የባሰችባት አትጠገብ የምትባል ልጅ ናት። ከግድግዳው ሥር ትቀመጣለች። ገና ትምህርት ሳይጀመር ዓይኗ ይከደናል። አንድ ቀን ዮርዳኖስ ከቦርሳዋ ለራሷ ያመጣችውን ዳቦ አወጣች። አትጠገብን ወደ ፊት ጠራቻት።

«ሳትበዪ ነው የመጣሽው አይደል? እንቺ፣ እዚሁ ብዪ» አለቻት።

ልጅቷ ተቀብላ በላች። ክፍሉ ጸጥ ብሎ አያት። ዮርዳኖስ ያን ቀን ደስ ብሏት ወደ ቤቷ ገባች።

በማግሥቱ የአትጠገብ እናት ሙሉነሽ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆማ ጠበቀቻት። በብብቷ አንዲት ዶሮ ይዛለች።

«የትናንቷ ዳቦ ያንቺ ናት አሉኝ።»

«አዎ እትዬ፤ ምንም አይደል። ርቧት ስላየሁ ነው።»

«ርቧት። ይኸን ለክፍሉ ሁሉ ነገርሽ።»

ዮርዳኖስ ቦርሳዋን ከትከሻዋ አወረደች።

«አባቷ ቆላ ወረደ እንጂ አልሞተም» አለች ሙሉነሽ። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። «ቤታችንን በረዶ መታው እንጂ አልተፈታም። አንቺ ልጄን ሰው ፊት አቁመሽ ለማኝ አደረግሽብኝ። ትናንት ከትምህርት ቤት እስከ ደጄ ድረስ ‹ቁራሽ፣ ቁራሽ› እያሉ ሸኟት። ዛሬ አልመጣም ብላለች፤ እኔም አልልካትም።» ዶሮዋን አስታቀፈቻት። «እንቺ ዳቦሽን።»

ሄደች። ዮርዳኖስ ዶሮዋን እንደታቀፈች ቀረች። ለዚያ ቤት ከቀሩት ነገሮች አንዷ እንደሆነች ማንም ሳይነግራት ገባት።

ደወሉ ተደወለ። ምንይችል ሲወጣ በሩ ላይ አገኛት። ዶሮዋን አየ፤ እሷን አየ።

«ዛሬ ዶሮ ልታስተምሪ ነው?»

«ይቺ እንኳ ስትነካ ትጮኻለች» አለች። ልትስቅ ፈልጋ እንባዋ መጣ።

ምንይችል ወደ ቤቱ አልሄደም። ዶሮዋን ተቀብሎ ከግንቡ ሥር ቁጭ አለና እስክትወጣ ጠበቃት። ስትወጣ የሆነውን ሁሉ ነገረችው። ሳያቋርጥ ሰማት።

«ዶሮዋን ብመልስላትስ?»

«ሁለተኛ ጥፊ ይሆናል።»

«ታዲያ ምን ላድርጋት? ወጥ?»

«ለርቢ ስጫት። እሷ ታርባ። የሚፈለፈለውን እኩል ትካፈላላችሁ።»

«ርቢ ለላም እንጂ ለዶሮ ሰምቼ አላውቅም።»

«በረዶ ከመታን ወዲህ ለዶሮም ሆኗል» አለ። «ሰው መብላት አያሳፍረውም፣ ዮርዳኖስ። ያለ ሥራ መብላት ነው የሚያሳፍረው። ደቦ ላይ የበላ ሰው ማን ለማኝ ብሎት ያውቃል?»

«ልጆች ናቸው። ምን ደቦ ይወጣሉ?»

ምንይችል የትምህርት ቤቱን የጓሮ ማሳ አሳያት። አጥር የለውም፤ የሰው በግ ይገባበታል። ከዳገቱ ሥር ድንጋይ ሞልቷል።

ርዕሰ መምህሩ አቶ ይርዳው ጠንቃቃ ሰው ነበር። ሁለቱ አብረው ቢሮው ሲገቡ ገና ሳይናገሩ ግንባሩን ቋጠረ።

«ደቦ በመርሐ ግብሩ ውስጥ የለም» አለ።

«ረሃቡም የለም፣ ጋሼ፤ ግን ገብቷል» አለ ምንይችል።

«ካብ መካብ ልኬት ነው፤ ሒሳብ ነው» አለች ዮርዳኖስ።

አቶ ይርዳው ሁለቱንም ተራ በተራ አየ። «ሒሳብ ነው ካላችሁ ሒሳብ ይሁን። ካቡ ግን በደንብ ይቁም፤ ወድቆ በግ ቢገድል እኔ ነኝ የምጠየቀው።»

መምህራኑ ከደመወዛቸው አዋጥተው ባቄላ ገዙ። ከበረዶው የተረፈው የወዲያኛው ሰፈር ሰው ገብስ ጨመረ። ዮርዳኖስ ዶሮዋን ይዛ ሙሉነሽ ቤት ሄደች። ስለ ዳቦው አንድም ቃል አላነሣችም።

«እትዬ፣ ዶሮ ማርባት አላውቅበትም። ለርቢ ይያዙልኝ። ሐሙስ ደግሞ ደቦ ጠርተናል፤ ንፍሮ የሚቀቅል ሰው አጣን።»

ሙሉነሽ ዶሮዋን ለረጅም ጊዜ አየቻት።

«ማነው ይኸን ያስተማረሽ?»

«አንድ የእስቴ ሰው።»

«ገብቶኛል። የከተማ ሰው ነገር አይመስልም» ብላ ዶሮዋን ተቀበለች። «እኩል ነው?»

«እኩል ነው።»

ሐሙስ ልጆቹ ድንጋይ ተሸከሙ። ትልልቆቹ ካቡን ያዙ፤ ትንንሾቹ ጠጠር አቀበሉ። ጠጠሩን የምታቀብለው አንዷ አትጠገብ ነበረች። አንዱ ድምፁ ጥሩ የሆነ ልጅ የደቦ ዘፈን ማውጣት ጀመረ፤ ሌላው ተቀበለ። ዮርዳኖስ ክፍል ውስጥ አንድ ቃል ትንፍሽ የማይሉት እነዚያው ልጆች መሆናቸውን አላመነችም። ወደ ካቡ ቀርባ በዜማው ገብታ ጠየቀች።

«አንዱ ካብ ሦስት ክንድ ከሆነ፣ አራቱ ካብ ስንት ነው?»

«ዐሥራ ሁለት!» አሉ በአንድ ድምፅ። ከሁሉ ቀድማ ያለችው አትጠገብ ናት።

ምንይችል ድንጋይ እንዳነሣ ቆሞ ዮርዳኖስን አያት። ድንጋዩ ከባድ ነበር፤ እሱ ግን የረሳው ይመስላል።

«ከታላቁ ፊት ቀድሞ መመለስ እዚህ ብልግና ነው» አላት በኋላ፣ ንፍሮ ሲበሉ። «አንዱ ብቻውን ሲነሣ ጓደኞቹን ያዋረደ ይመስለዋል። አብረው ግን የማያውቁት የለም።»

«ይኸን መቼም ኮሌጅ አላስተማሩህም።»

«እኔም ልጅ ሆኜ መሬት መሬት ነበር የማየው።»

ንፍሮውን ልጆቹ ከሠራተኛ ጋር እንደ ሠራተኛ በሉ። ማንም ማንንም ቁራሽ አላለም። ሙሉነሽ ለሁሉም እኩል እየሠፈረች ሰጠች፤ ለአትጠገብ ስትደርስ እጇ ትንሽ ከበድ አለ። ከዚያ ወዲህ ሐሙስ ሐሙስ ደቦ ሆነ። ካቡ ሲያልቅ መንገድ ጠረጉ፤ መንገዱ ሲያልቅ የችግኝ ጉድጓድ ቆፈሩ። ዮርዳኖስም ክፍሏን እንደ ደቦ አደረገችው። ጥያቄ ለቡድን ትጥላለች፤ ያወቀው ላላወቀው ያቀብላል፤ መልሱ በዜማ ይወጣል። ቀድሞ የሚተኙት አሁን ይጮኻሉ። አቶ ይርዳው በመስኮት ብቅ ብሎ «ሒሳብ ነው?» ይላል። «ሒሳብ ነው» ይሉታል።

በበሩ ላይ የሚባባሉት ነገርም ረዘመ። ጠመኔዋ ግን በቦታዋ አለች።

ታኅሣሥ ላይ የምንይችል አባት እስቴ ላይ አረፉ። ማለዳ ነው መርዶው የደረሰው። ዮርዳኖስ ስትመጣ ከበሩ አጠገብ ቆሞ አገኘችው፤ ነጠላውን አዘቅዝቆ ነበር። አቀፈችው አይባልም፤ እጁን ይዛ ቆየች።

«ዮርዳኖስ፣ ወንፈል ግቢልኝ» አላት።

«ለሐዘን ወንፈል አለ እንዴ?»

«ለሐዘን የለም። ለአውድማ ግን አለ። የአባቴ ገብስ ታጭዶ ተከምሯል፤ የሚወቃው ሰው የለም። ወንድሞቼ ገና ልጆች ናቸው። የሐዘን ፈቃድ ለለቅሶው እንጂ ለአውድማው አይበቃም። ክፍሌን ያዢልኝ። በጠራሽኝ ቀን መጥቼ እመልሳለሁ።»

ወንፈል ማለት ይኸው ነው። ዛሬ አንተ ለእኔ ትሠራለህ፤ በጠራኸኝ ቀን እኔ ላንተ። በገንዘብ አይመለስም፤ በእህል አይመለስም። በጉልበት ብቻ ነው።

«ሂድ፤ ይዤልሃለሁ» አለች።

ጠዋትም ከሰዓትም አስተማረች። ድምፅዋ ተዘጋ። እስከ ጥምቀት እንዲሁ ሆነ። ከጥምቀት በኋላ ሲመለስ ጢሙን አሳድጎ ከስቶ ነበር። ገብሱ ጎተራ ገብቷል።

«መቼ ትጠሪኛለሽ?» አላት።

«ሲያስፈልገኝ።»

አልጠራችውም። በመጀመሪያ ስላላስፈለጋት ነው። ኋላ ግን ነገሩ ሌላ ሆነ። ብድር ያለበት ሰው በበሩ ሲያልፍ ቀና ብሎ ያያል፤ ደህንነትን ይጠይቃል። ዮርዳኖስ ያን አየት ማድረጉን ወደደችው። ወንፈሉን የጠራች ዕለት እሱም የሚቀር መሰላት።

«ዛሬም አልታመምሽም?» ይላታል።

«ደህና ነኝ።»

«እናትሽስ?»

«እንደ አለት ናት።»

«ሁላችሁም ጤነኛ ሆናችሁብኝ» ብሎ ይስቃል። እሷም ትስቃለች። ይኸ ቀልድ ያን ዓመትም ቀጣዩንም ዓመት አቆያቸው። አገሩም በዚህ ጊዜ አገገመ፤ ገብሱ በረዶ ሳይነካው ታጨደ፤ የአትጠገብ አባት ከቆላ ተመለሰ።

በሁለተኛው ዓመት ሰኔ ላይ አቶ ይርዳው ለዮርዳኖስ በጨዋታ መሐል አንድ ነገር ነገራት። ምንይችል ወደ እስቴ ዝውውር ጠይቋል፤ እናቱ ብቻቸውን ናቸው። ዮርዳኖስ ከምንይችል አፍ አለመስማቷ ቆረቆራት። በዚያው ሳምንት ምንይችል በሩ ላይ አቆማት። ልጆች በዙሪያቸው ይተላለፋሉ። አልሳቀም።

«ለወንፈልሽ ጥሪኝ፣ ዮርዳኖስ። ክረምት ሳይገባ።»

«ምን አስቸኮለህ?»

«ብድር እንደያዝኩ ላደርገው የማልችለው ነገር አለ።»

መሄዱን ነው የሚለው፣ አለች በልቧ። ሒሳቡን ዘግቶ ሊሄድ ነው። ተናደደች፤ ድምፅዋን ግን ቀዝቃዛ አደረገችው።

«እንግዲያው ትቼልሃለሁ።»

«ምን አልሽ?»

«ወንፈሉን ተውኩልህ። አትመልስልኝም። ሂድ።»

የምንይችል ፊት ተለወጠ። እሷ እፎይታ ይሆናል ብላ የጠበቀችው ነገር እዚያ ፊት ላይ አልነበረም። ጥቂት ቆሞ መሬት መሬት አየ፤ ልክ እንደዚያ ጊዜ ተማሪዎቿ።

«ይሁን» አለ።

በመስከረም ሌላ መምህር በቦታው መጣ። ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ምንም የለም።

በዚያ ዓመት ግንቦት ላይ ሙሉነሽ የዓመቱን የርቢ ድርሻ ይዛ መጣች፤ ሁለት ቄብ ዶሮዎች። የአስታ ሜዳ ሰው የሚያወራውን ሁሉ እሷም ታውቃለች። ዶሮዎቹን አስረክባ ተቀመጠችና ጠየቀች።

«ያ የእስቴው መምህር ወንፈልሽን ሳይመልስ ነው የሄደው ይባላል። እውነት ነው?»

«ተውኩለት፣ እትዬ።»

«ምን በድሎሽ?»

«ኧረ ምንም አልበደለኝም። ይቅለለው ብዬ ነው።»

ሙሉነሽ ወደ እሷ ጠጋ አለች።

«ልጄ፣ እኛ አገር ወንፈል የሚተወው ለሁለት ሰው ነው። ለሞተ ሰውና ለተጣሉት ሰው። ብድሬን አልፈልግም ማለት ደጄን አትርገጥ ማለት ነው። እኔን ያኔ ‹ዶሮሽን ይዘሽ ሂጂ፣ ምሬሻለሁ› ብትይኝ ኖሮ አትጠገብን እስከ ዛሬ አታዪያትም ነበር።»

ዮርዳኖስ ዶሮዎቹን እያየች ቀረች። ሁለተኛ ጊዜ ዳቦ ሰጠሁ፣ አለች በልቧ።

ስልኳን ይዛ ኔትወርክ ወዳለበት ጉብታ የወጣችባቸው ቀኖች አሉ። ቁጥሩን ታወጣለች፤ ታያለች፤ ትመልሳለች። ምን ትበለው? የተተወ ብድር በይቅርታ ቃል አይመለስም። ንፋስ መውጫ ስትወርድ ደግሞ እናቷ ሌላ ነገር አላቸው።

«ሊያገባሽ የፈለገው ሰውዬ ሚኒባስ አለው።»

«እኔ መንገድ አልወጣም፣ እማዬ።»

«በእግርሽ እየወጣሽ እየወረድሽ እኮ ነው ያለቅሽው።»

«እግሬ ደህና ነው።»

«ልብሽስ?» ይላሉ እናቷ፤ ዮርዳኖስ በርበሬ መልቀም ትጀምራለች።

በተከታዩ ዓመት ታኅሣሥ ላይ የወደቁት ግን እናቷ ናቸው። ከገበያ ሲመለሱ ከድንጋይ መንገዱ ላይ ተንሸራተው ጭናቸው ተሰበረ። ደብረ ታቦር ሆስፒታል ውሰዷቸው ተባለ። አስታማሚ ከዮርዳኖስ ሌላ የላቸውም።

አቶ ይርዳው ፈቃዱን ሰጣት፤ ፊቱ ግን ጨለመ። «ክፍሉን ለማን ልስጠው? ሁለቱ መምህራን ለቀዋል። የመንፈቁ ፈተና ደርሷል። ከዘጋሁት ልጆቹ ወደ ከብቱ ይሄዳሉ፤ ከብት የያዘ ልጅ ደግሞ አይመለስም።»

ዮርዳኖስ ይኸን ታውቃለች። ሦስተኛ ክፍል ያለው ሁሉ ደቦ ያለመደ አዲስ ልጅ ነው፤ ገና መሬት መሬት ማየት የተዉት በዚህ ወር ነው።

ጉብታው ላይ ወጣች። ልትደውል ፈልጋ ድምፅዋን አላመነችውም። ጻፈች።

«ተውኩልህ ያልኩት ስሕተት ነበር። አልተውኩም። ወንፈሌን እጠራለሁ። የከሰዓቱ ሦስተኛ ክፍል፣ ከሰኞ ጀምሮ። ዮርዳኖስ።»

መልስ ሳይመጣ መኪና ተሳፈረች። ደብረ ታቦር ደርሳም አልመጣም። ወደ አስታ ሜዳ ብትደውል መስመሩ የለም። እናቷ እግራቸው በጄሶ ታስሮ ተኝተው ሁሉን ነገር ከፊቷ አነበቡ።

«ማንን ነው የጠራሽው?»

ነገረቻቸው። ከዳቦው ጀምራ ነገረቻቸው።

«ይመጣል?»

«አላውቅም። በድዬዋለሁ።»

«ወንፈል ነው አላልሽም? ወንፈል ያልመለሰ ወንድ እስቴ ውስጥ ሚስት አያገኝም» አሉ እናቷ። ትንሽ አሰቡ። «ካልመጣ ደግሞ ሚኒባሱ አለ።»

ሐኪሞቹ ሲያሰናብቷቸው እናቷን ንፋስ መውጫ አስገብታ ለጎረቤት አደራ ሰጠች። እሷ ወደ አስታ ሜዳ ወጣች። ልቧ ከእግሯ ይፈጥናል። ክፍሉ ተዘግቶ ቢሆንስ? ልጆቹ ተበትነው ቢሆንስ? ከሁሉ በላይ ግን የፈራችው ሌላ ነው፤ ያለመልስ የቀረው መልእክት መልሱ ያ ራሱ እንዳይሆን።

ካቡ አጠገብ ስትደርስ ድምፅ ሰማች። አንዱ ያወጣል፤ ሌላው ይቀበላል። ሰባት ጊዜ ስምንት ነው። ልጆቹ በዜማ ይመልሳሉ። ካቡ ላይ አዲስ ድንጋይ ተጨምሯል።

አትጠገብ ከስድስተኛ ክፍል በር ላይ አየቻት። ቁመቷ የዮርዳኖስን ትከሻ አልፏል።

«ቲቸር፣ እንኳን ደህና መጣሽ። እኛ ካቡን አደስነው። እሳቸው ግን ከሥራችሁ ንፍሮው ይበዛል ሲሉን ነበር።»

«እሳቸው ማን?»

አትጠገብ በነጠላዋ አፏን ሸፍና ሳቀች።

ደወሉ ተደወለ፤ ልጆቹ ወጡ። ምንይችል ሰሌዳውን ጠርጎ ወደ በሩ መጣ። የድሮው ሰው ነው፤ ጢሙ ብቻ በዝቷል።

«እንደምን ዋልሽ» አላት።

«እንደምን ዋልህ» አለች። «መልስ አልሰጠኸኝም።»

«ወንፈል የተጠራ ሰው መልስ አይጽፍም፤ ይመጣል።»

«እስቴ ክፍልህን ማን ያዘልህ?»

«አለበል የሚባል ጓደኛዬ። ወንፈል ገብቶልኝ ነው።»

«ብድር ለመመለስ ሌላ ብድር ገባህ?»

«ሌላ መንገድ አልነበረም። እናትሽ እንዴት ናቸው?»

«ተሰብራለች።»

«አይዞሽ» አለ። ከዚያ ዓይኑ ትንሽ ሳቀ። «ይኸን ሁሉ ዓመት ጤነኛ ሆነውብኝ።»

ዮርዳኖስ ሳቀችና እንባዋን ጠረገች። «አሁን መጥቻለሁ። ክፍሉን ልረከብህ። አንተም ወደ እናትህ ሂድ።»

«አልሄድም። አንቺ እስከ ጥምቀት ነው ያስተማርሽልኝ። እኔም እስከ ጥምቀት አስተምራለሁ። ሳልጨርስ ብወጣ ግማሽ ወንፈል ነው፤ ግማሽ ወንፈል የለም።»

ስለዚህ ዮርዳኖስ እስከዚያ እናቷን አስታመመች። ሐሙስ ሐሙስ ብቻ ወደ ደቦው ወጣች። ንፍሮ ሲያድሉ ከሙሉነሽ አጠገብ ቆመች። ሙሉነሽ ለምንይችል ስትሠፍርለት እጇ ከበድ ማለቱን አየች።

ከተራ ደረሰ። ልጆቹ ታቦት ለማጀብ ስለቸኮሉ ቀደም ብለው ተለቀቁ። ዮርዳኖስ ስትገባ ክፍሉ ውስጥ ምንይችል ብቻውን ነበር። ሰሌዳውን ከላይ እስከ ታች ጠረገ። ከኪሱ አንዲት ቁራጭ ጠመኔ አውጥቶ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ አስቀመጠ።

«ተረከቢኝ» አላት።

«ተረከብኩህ።»

«ጎደለ?»

«አልጎደለም።»

ምንይችል የጠመኔውን ብናኝ ከእጁ አራገፈ።

«እንግዲያው አሁን መናገር እችላለሁ። ያን ሰኔ ጥሪኝ ያልኩሽ ሽማግሌ ልልክ ስለነበር ነው።»

ዮርዳኖስ ዴስኩ ላይ ተቀመጠች።

«ዝውውሩስ?»

«እሺ ካልሽኝ ለሁለታችን እንዲያደርጉት ልለምን ነበር። እምቢ ካልሽ ደግሞ እዚህ በር ላይ በየቀኑ ላይሽ አልችልም ነበር።»

«ታዲያ ሽማግሌ መላክን ከወንፈል ጋር ምን አገናኘው?»

«የወንፈል ብድር ያለበት ሰው ለአበዳሪው ቤት ሽማግሌ አይልክም። በጉልበቱ መመለስ አቅቶት በጋብቻ ሊከፍል ነው ይባላል። ንጹሕ ሆኜ ልጠይቅሽ ነበር። አንቺ ግን ተውኩልህ አልሽኝ።»

«ደጄን አትርገጥ ያልኩህ መሰለህ።»

«አልመሰለኝም። ብለሽኛል።»

«አላወቅሁም ነበር፣ ምንይችል። እትዬ ሙሉነሽ ናቸው በኋላ የነገሩኝ።»

«እኔም ሳልጠይቅሽ ሄድኩ» አለ። «መጠየቅ ነበረብኝ።»

ከታች ከቤተ ክርስቲያኑ በኩል የደወልና የእልልታ ድምፅ መጣ፤ ታቦቱ ወጥቷል። ዮርዳኖስ ጠመኔዋን አንሥታ በመዳፏ ያዘቻት።

«አሁን ብድር የለብህም» አለች።

«የለብኝም።»

«የአለበልስ?»

«እሱ ሲጠራኝ እመልሳለሁ።»

«ሲጠራህ ንገረኝ። ሁለት ሆነን ብንመልስ ይቀልላል።»

ምንይችል ቀና ብሎ አያት። ያ አየት ማድረጉ ብድሩ ካለቀ በኋላም እዚያው ነበር።

«ሽማግሌዎቹ መቼ ይምጡ?» አላት።

«እናቴ ተነሥታ መቀመጥ ስትችል። ደግሞ በእግራቸው አይምጡ። በሚኒባስ ይምጡ፤ ደስ ይላታል።»

ሳቀና በሩን ከፈተላት። አንዱ ሲገባ አንዱ የሚወጣበት በር ነው። ያን ቀን አብረው ወጡበት።